በፍልሰታ ጾም፣ በባለ ሦስት ጎማ፣ ቦዩን ተከትለን

ወንጂ ያለችው ታናሽ እህቴ በደወለች ቁጥር «እባክሽ የሄዳችሁበትን መንገድ ጻፊልኝ፤ በስልክ ስትነግሪኝ ግማሹን ኔትወርክ ይበላዋል» ትለኛለች። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ከደብዳቤ ያለፈ ጽፌም አላውቅ። ግን ያየሁትን ተራ በተራ መናገር አያቅተኝም ብዬ፣ ከተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት ሥራ በሌለኝ ቀን ተቀመጥኩ። አሜሪካ ሲባል ፎቅና መኪና ብቻ ለሚታያችሁ ሰዎች፣ እዚህ ሚኒሶታ መኪና የማይገባበት፣ ውሃ ውሃውን ይዞ የሚሄድ የእግረኛና የሳይክል መንገድ እንዳለ ልንገራችሁ። ትሬል ይሉታል።

የሄድነው እኔና ልጄ ቃልኪዳን ነን። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ዘንድሮ ሃይስኩል ጨረሰችና ሁለት ኮሌጅ ተቀበላት። አንዱ ከቤታችን ከሴንት ሉዊስ ፓርክ በአውቶቡስ የሚደረስ ነው። ሌላው ሚሲሲፒ ወንዝን ወደ ታች ተከትሎ፣ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ የሚያስኬድ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። የፈለገችው ሩቁን ነው። ያም አልበቃ ብሎ፣ ከሁለት የክፍል ጓደኞቿ ጋር በሳይክል ልንሄድ ነው አለች። ሻንጣቸውን የአንዷ ወላጆች በመኪና ያደርሳሉ፤ ልጆቹ ሄስቲንግስ በምትባል ከተማ ተገናኝተው ወንዙን ይዘው ይወርዳሉ። አባቷ የከባድ መኪና ነጂ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ስንጠይቀው «እናትሽ እሺ ካለች እሺ፤ እምቢ ካለች እኔ የለሁበትም» ብሎ ከቴክሳስ ስልኩን ዘጋ።

እኔ እምቢ አልኩ። ሦስት ቀን ተኳረፍን። በአራተኛው ቀን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ማሚ፣ እስከ ጋሽ ተሾመ ቤት አብረን እንሂድ። በትሬሉ፣ ቀስ ብለን። እዚያ ስንደርስ አሁንም እምቢ ካልሽ፣ ሳይክሌን ፒካፓቸው ላይ ጭኜ አብሬሽ እመለሳለሁ። ቅርቡን ኮሌጅ እገባለሁ። ፕሮሚስ።»

ጋሽ ተሾመ የእናቴ ወንድም ናቸው። የሚኖሩት ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ነው፤ ከእኛ ቤት ሲታይ ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ ወንዙ ዳር ማለት ነው። ከዚያ ወደ ሄስቲንግስ ያለውን መንገድ ልጅቷ ብቻዋን ልትነዳው ነው ያሰበችው። እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት ግን፣ እስከዚያ ድረስ እምቢ የምልበት ምክንያት መንገድ ላይ አላጣም ብዬ ነው።

ሳይክል መንዳት አልችልም። ወንጂን የምታውቁ ትስቃላችሁ፤ ሳይክል የሞላበት አገር አድጌ! ነገር ግን በእኛ ጊዜ የሚነዱት ወንዶቹ ነበሩ። እኛ ሴቶቹ ምሳቸውን ኋላ ላይ እናስርላቸው ነበር እንጂ አንቀመጥበትም። ስለዚህ ከታች ፎቅ ያሉ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ፣ ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ የማይነዱትን ባለ ሦስት ጎማ ሳይክል አዋሱኝ። ኋላው ላይ ትልቅ የሽቦ ቅርጫት አለው። አንድ ሳምንት ሙሉ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተለማመድኩ። ሕፃናት እየተከተሉ ደወሉን ይደውሉልኝ ነበር።

ቅርጫቱን በስንቅ ሞላሁት፤ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሎሚ፣ ጃኬት፣ ጃንጥላ፣ የቁስል ፋሻ፣ አንድ ጠርሙስ ጸበል። ቃልኪዳን አየችና ራሷን ያዘች።

«ማሚ፣ ሁለት ቀን እኮ ነው። በየቦታው ግሮሰሪ አለ።»

«ጾም ነው። በምን ዘይት እንደሚሠሩት አላውቅም» አልኳት።

አንደኛ ቀን

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተነሳን። ጎማዋን አራት ጊዜ በእጄ ጨምቄ አየሁ፤ ፍሬኗን አስያዝኳት፤ የራስ ቁሯን ማሰሪያ አጠበቅኩ። «ኦኬ ማሚ፣ ኦኬ» ትላለች። እኔ ኋላ፣ እሷ ፊት ሆነን ወጣን።

መንገዱ እንደ ጠረጴዛ ለስላሳ ነው። መሐሉ ላይ መስመር ተሰምሯል፤ አንዱ ለሂያጅ፣ አንዱ ለመጪ። ወንጂ ላይ በቦዩ ዳር ባለው መንገድ ትራክተሩም፣ በሬውም፣ ተማሪውም፣ ሳይክሉም አንድ ላይ ይሄዳል፤ አቧራውንም አብሮ ይካፈላል። እዚህ እግረኛው ለብቻው መንገድ አለው፤ ውሻ እንኳ በቀኝ በኩል ነው የሚሄደው። ከኋላ የሚመጣ ሳይክል ነጂ «በግራ በኩል ላልፍ ነው» ብሎ ይጮሃል። እኔ በመጀመሪያ ሰላምታ መስሎኝ ለእያንዳንዱ «ታንክ ዩ፣ ጉድ ሞርኒንግ» እያልኩ እጄን አነሳለሁ። እጄን ባነሳሁ ቁጥር ባለ ሦስት ጎማው ወደ መሐል ይወጣል።

«ማሚ፣ ለሁሉም ሰላም አይባልም!»

«ታዲያ ሰው እየነገረኝ ዝም ልበል?»

ከአንድ ሰዓት በላይ እንደነዳን ሲዳር የሚባለው ሐይቅ ታየን፤ ትንሽ እንዳለፍን ቦዩ ላይ ደረስን። ይህ ቦይ ሲዳርን ከሌላ ሐይቅ ጋር ያገናኛል፤ ያኛው ደግሞ በሌላ ቦይ ከሦስተኛ ሐይቅ ጋር ይገናኛል። ቦይ ስል የወንጂውን እንዳታስቡ። አባቴ የሸንኮራ አገዳ ውሃ አጠጪ ስለነበር እኔ ቦይ ማለት ሥራ መሆኑን ነው የማውቀው፤ ቡናማ ውሃ፣ የብረት መዝጊያ፣ አካፋ፣ ጭቃ የበላው ቦቲ ጫማ። ልጅ ቦይ ዳር ከታየ ይገረፋል። እዚህ ቦዩ አጠገብ ሣር ተነጥፏል፣ ሰው ወንበር ዘርግቶ ይተኛል፣ ቀጫጭን ጀልባዎች ድምፅ ሳያሰሙ ያልፋሉ። የሚቀዘፉት ለሥራ አይደለም፤ ለመቅዘፍ ብቻ ነው። የወደቀ ግንድ ላይ ኤሊዎች በተርታ ተሰልፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔም ቆም ብዬ ማየት ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ጆሮዬ መጮህ ጀመረ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ፍልሰታን ሁልጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው፤ ውሃም አልቀምስም። ሥራ ላይ ሆኜም ጾሜዋለሁ፤ በእግሬም ጾሜዋለሁ። በሳይክል ግን ጾሜ አላውቅም። ከአንዲት ትንሽ ድልድይ ቁልቁል ስወርድ ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር መጣ። ፍሬኑን የያዝኩ መስሎኝ የያዝኩት ደወሉን ነው። ባለ ሦስት ጎማው እየደወለ ከመንገዱ ወጣ፣ በሣሩ ላይ ወረደና፣ ከውሃው ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቁጥቋጦ ያዘው። እኔ ሳልወድቅ ስንቁ ወደቀ። ዳቦ ቆሎው ውሃው ውስጥ ተበተነ፤ ዳክዬዎቹ ከየት እንደመጡ አላውቅም።

ቃልኪዳን ሳይክሏን ጥላ መጣች። አልጮኸችም። ቁልቁለት ላይ ሆኜ እንዳልንሸራተት የኋላ ጎማዬን በድንጋይ አስያዘች፣ ብብቴን ይዛ አወረደችኝ፣ የራስ ቁሬን ፈታች፣ ጥላ ውስጥ አጋደመችኝ።

«ውሃ የጠጣሽው መቼ ነው?»

«ደህና ነኝ።»

«ማሚ። መቼ?»

«ማታ።»

እንደዚያ ስታየኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «የእኔን ጎማ አራት ጊዜ ቼክ አደረግሽ» አለችኝ።

በዚያ በኩል ጓሮው ቦዩ ድረስ የሚወርድ ቤት ነበረ። አንዲት ነጭ ጸጉር ያላቸው ሴትዮ አበባ ሲኮተኩቱ አይተውን ኖሮ አንድ ብርጭቆ ወተትና የቅቤ ብስኩት ይዘው መጡ። አልቀበልም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ሴትዮዋ የከፋቸው መሰለኝ። ቃልኪዳን በእንግሊዝኛ አስረዳቻቸው፤ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ያውም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምንም የለም። ሴትዮዋ ሰዓታቸውን አዩ። አምስት ሰዓት ነው። ወተታቸውን ይዘው ተመለሱና ሐብሐብ በትሪ ቆርጠው፣ ጨው ጨምረው፣ ጃንጥላ ይዘው መጡ። ትሪውን አጠገቤ አስቀምጠው በእኔ ላይ ጃንጥላውን ዘርግተው ቆሙ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆም እችላለሁ፤ ጡረታ ላይ ነኝ» አሉ።

እኔ አሁንም እምቢ። ቃልኪዳን አልተከራከረችኝም። ስልኳን አወጣችና ለነፍስ አባታችን ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ደረቴ ላይ አስቀመጠችው።

«አባ፣ ይባርኩኝ፤ ቃልኪዳን ነኝ። እማዬ ሳይክል ስትነዳ ራሷን ልትስት ነበር።»

«ማን? ጥሩወርቅ? ሳይክል?»

«ባለ ሦስት ጎማ ነው አባ» አልኩ ተጋድሜ፣ ነገሩን የሚያቀለው ይመስል።

«አራትም ቢሆን! ውሃ ቀምሰሻል?»

«ፍልሰታ ነው ብዬ…»

«ፍልሰታ መሆኑን እኔም ሰምቻለሁ፤ ልቀድስ ልገባ ስል ነው የያዛችሁኝ። መንገደኛ ነሽ፣ ፀሐይ ላይ ነሽ። ጠጪ፤ የቀረበልሽንም ብዪ። ሰውነትሽን ገድለሽ የምትጾሚው ጾም የለም። እግዚአብሔር ይፍታሽ። ልጅቷን አመስግኛት» ብለው ዘጉት።

ሐብሐቡን በላሁ። እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር በልቼ አላውቅም። ሴትዮዋ ጃንጥላውን ሳያወርዱ የቦዩን ነገር አጫወቱን። ሐይቆቹ ድሮ ለየብቻ ነበሩ አሉ፤ መሐሉ ረግረግ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ቆፍረው አገናኟቸው፤ በጀልባ ከአንዱ ወደ አንዱ ለመሄድ ብቻ። ውሃው የተገናኘ ቀን ሕዝቡ ትልቅ በዓል አደረገ። አባቴ ይህን ቢሰማ ኖሮ «አገዳ ሳይኖር ቦይ!» ብሎ አያምንም ነበር። ስንለያይ ቀሪውን ሐብሐብ ጠቅልለው ቅርጫቴ ውስጥ ከተቱት። ስማቸውን አልጠየቅኩም፤ ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከሰዓት በኋላ በቀዝቃዛው ጊዜ ቀስ እያልን በድንጋይ ድልድዮቹ ሥር፣ በሐይቁ ዙሪያ ሄድን። ዝይዎች መንገዱን ዘግተው ጠበቁን። እዚህ አገር ዝይ አይመታም፤ ሳይክል ነጂው ሁሉ ወርዶ ይለምናቸዋል። ማታ ያደርነው የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ አስካለ ዘንድ ነው። በሩን ከፍታ ባለ ሦስት ጎማውን ስታይ፣

«ጥሩ፣ አይስክሬም ልትሸጪ ነው?» አለችኝ።

የሱፍ ፍትፍት ሠርታ ጠበቀችን። ቃልኪዳን የቦዩን ታሪክ ስትነግራት እየሳቀች ስለነበር እኔም ሳቅኩ። ልቤ ግን አልሳቀም። ምክንያት ፈልጌ ነበር የወጣሁት፤ በመጀመሪያው ቀን የተገኘው ጥፋት የእኔው ሆነ።

ሁለተኛ ቀን

ጠዋት ውሃ ጠጣሁ፤ ቃልኪዳን ቆማ እያየችኝ። ከዚያ ግሪንዌይ በሚሉት መንገድ ወረድን። ድሮ ባቡር የሚያልፍበት ጥልቅ ቦታ ነው፤ ከተማው ከላይ ነው፣ እናንተ ከታች ናችሁ። መኪናው፣ ሱቁ፣ ጩኸቱ ሁሉ በድልድይ በላያችሁ ያልፋል። ውሃው የደረቀ ትልቅ ቦይ ውስጥ የምሄድ መሰለኝ። እያንዳንዱን ድልድይ እየቆጠርኩ ሄድኩ፤ ከሃያ በላይ ሲሆን ተሳሳትኩና ተውኩት።

ሚሲሲፒ ላይ ስንደርስ ቆመን አየን። ትልቅ ነው፤ ግን እንደ አዋሽ አይቆጣም። አንድ ቦታ ላይ የጀልባ መውረጃ አለ። ጀልባው የኮንክሪት ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ከኋላው በር ይዘጋል፣ ውሃው ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ከዚያ የፊቱ በር ይከፈታል። ውሃው ሲወርድ ሰዎቹ ጀልባው ውስጥ ሳንድዊች ይበሉ ነበር። እኔ ከላይ ቆሜ እጨነቅላቸዋለሁ።

ድልድዩን ተሻግረን ሴንት ፖል ገባን። ከዚያ በኋላ ስላለው ብዙ የምጽፈው የለኝም፤ ጉልበቴን ብቻ ነው የማስታውሰው። ቁልቁለቱን ወርደን በወንዙ ዳር መሐል ከተማው አጠገብ ስንደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም። ደወልኩና ጋሽ ተሾመ በፒካፕ መጡ። ይህ የጉዞ ማስታወሻ ስለሆነ አልዋሽም፤ የቀረውን በመኪና ነው የሄድኩት። እሳቸው ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ባለ ሦስት ጎማውን ሲያነሱት «ከእነ ሹፌሩ ልጫነው?» እያሉ ይቀልዱብኛል።

የቃልኪዳንን ሳይክልም ልናነሳ ስንል እሷ ከመቀመጫው አልወረደችም።

«እኔ በትሬሉ እመጣለሁ። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

«አብረን እንሂድ» አልኳት።

«ማሚ፣ ነገ የምሄደው ከዚህ ይበልጣል። ይህን ካልሞከርኩ እንዴት ታያለሽ?»

ጋሽ ተሾመ ሞተሩን አስነሱ። «ግቢ ጥሩዬ። መኪና እዚያ ትሬል አይገባም፤ ብትፈልጊም ልትከተያት አትችዪም።»

ቤታቸው ደርሰን ወንበር አወጡልኝ፤ አልተቀመጥኩም። አንድ ሰዓት ሞላ። አለፈ። መንገድ ላይ ወጥቼ ወዲያና ወዲህ አልኩ። ስልኬን ብፈልግ ቦርሳዬ ውስጥ የለም፤ የት እንደጣልኩት አላስታውስም። በጋሽ ተሾመ ስልክ ብደውል ይጠራል፣ አይነሳም። ሌላ ሃምሳ ደቂቃ። ቅድስት ማርያምን ስንት ጊዜ እንደጠራሁ እሷ ታውቃለች። በመጨረሻ ከመታጠፊያው ብቅ አለች፤ እጇ እስከ ክንዷ ጥቁር፣ ግንባሯም ላይ ጥቁር።

አቅፌ መሳም ሲገባኝ የወጣልኝ ቁጣ ነው። «የት ነበርሽ?»

«ጎማዬ ተንፍሶ ነበር። ከጎማው ውስጥ ከመነዳሪውን አውጥቼ ለጠፍኩት። ቴክስት አድርጌልሻለሁ እኮ።»

«ምንም አልደረሰኝም!»

«ሦስት ጊዜ ላክሁልሽ።»

«ስልክም ብንደውል አላነሳሽም!»

«የማላውቀው ቁጥር ነበር፤ እጄም…»

«አትዋሺኝ!» አልኩ። ጋሽ ተሾመ በር ላይ ቆመው ነበር። «አንድ ሰዓት ብለሽ ሁለት ሰዓት። ነገ ማንም ሳያውቅ ወንዝ ውስጥ ብትገቢስ? አበቃ። ነገ አብረሽኝ ትመለሻለሽ። ጋሼ፣ ፒካፑን ለሁለቱም ሳይክል ያዘጋጁልን።»

ልጄ ሳይክሏን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ስትቆጣ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፤ ያን ቀን ግን በእንግሊዝኛም አልተናገረችም። ገብታ እጇን ታጠበች። ጋሽ ተሾመ የሠሩትን ምስር ወጥ በላን። እሳቸው ብቻ «ጨው በዛበት?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ጨው አልበዛበትም።

ሦስተኛ ቀን

ጠዋት ስነሳ ቃልኪዳን ከቤት የለችም። ደንግጬ ስወጣ ፒካፑ ጋ ናት። ቃሏን ጠብቃ፣ ሳይክሏን ራሷ ጭና፣ እንዳይጋጭ ፎጣዋን በባለ ሦስት ጎማው መሪ ላይ ትጠቀልላለች። ዓይኗ አብጧል። «ጉድ ሞርኒንግ» አለችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

ልረዳት ብዬ ቅርጫቴን አነሳሁ። ከበሶው ከረጢት ሥር ስልኬ ወጣ። መኪናው ላይ ስንጭን እዚያው ቀርቶ ነው ያደረው። ከፈትኩት። ሦስት መልእክት አለ፤ ሁሉም በፊደል የተጻፈ፣ እኔ በቀላሉ እንዳነበው ብላ።

«ጎማ ተነፈሰ። ደህና ነኝ።»

«እየለጠፍኩት ነው። አንድ ሰውዬ ፓምፕ አዋሰኝ። አትፍሪ።»

«ጨረስኩ። መጣሁ። ውሃ ጠጪ።»

እዚያው ቆሜ ሁለቴ አነበብኩት። ጋሽ ተሾመ በትከሻዬ በኩል አዩ። «ይቺ ልጅ ፊደል ማን አስተማራት?» አሉ።

«እኔ።»

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለው ገመድ ሊያመጡ ሄዱ።

«ሳይክልሽን አውርጂው» አልኳት።

«ዋት?»

«ትንሽ ልሸኝሽ። ከዚያ እናያለን።»

እናያለን ማለት እሺ ማለት አይደለም፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ጋሽ ተሾመም ያውቃሉ፤ ስለዚህ እኔን በፒካፑ ይዘው ወንዙ ዳር ድረስ ልጅቷን ተከተሏት፤ ሁለት ገመድ ይዘዋል፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእሷ ሳይክል። ወንዙ ላይ ገብቶ በመሐል የተቆረጠ የድሮ ድልድይ አለ፤ ሰው ጫፉ ድረስ ሄዶ ውሃውን ያያል። ባለ ሦስት ጎማዬን እዚያ አወረዱልኝ። ከዚያ ከእኛ ጋር በእግራቸው መራመድ ጀመሩ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። እኛም በእርምጃቸው ልክ ነዳን። ትንሽ እንደሄድን፣

«ጋሼ፣ ይበቃል፤ ይመለሱ» አልኩ።

«እስከዚያች ወንበር።»

ወንበሯ ጋ ደረስን። «ኧረ ይበቃል ጋሼ፤ በሞቴ ይመለሱ።»

«እንግዲህ፣ ሸኚ ቤት አያደርስም» ብለው ቆሙ። ቃልኪዳንን ግንባሯን ሳሟት። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። ካልሄድሽም ቤትሽ ነው፤ ምስር አለ» አሏት። እኔን በዓይናቸው ብቻ አዩኝና ተመለሱ።

ራቅ ካልን በኋላ ልጄ ጠየቀችኝ። «ለምን ተመለሱ አልሻቸው? መምጣት ፈልገው ነበር እኮ።»

«ሸኚ ራሱ ልመለስ አይልም፤ ያሳፍራል። ተመለሱ የሚለው መንገደኛው ነው። እሱ ካላለ ሸኚው አብሮ ይሄዳል።»

«ሶ መንገደኛው ዝም ካለ?»

«አብረው ይደርሳሉ።»

ሳቀች። ከትናንት ወዲህ ገና መሳቋ ነው። እኔም ሳቅኩ። ይህን ልጅ ስወልዳት ጀምሮ ስሸኛት ነው የኖርኩት፤ ወደ መዋለ ሕፃናት፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ጓደኛዋ ልደት። መኪና ውስጥ ተቀምጬ እስክትወጣ እጠብቅ ነበር። ተመለሺ ያለኝ የለም።

መንገዱ ጫካ ውስጥ ገባ። በግራችን በዛፎቹ መሐል ወንዙ ብልጭ ይላል። በቀኝ ገደል ነው፤ ወፎች ከገደሉ ላይ ይነሳሉ። ከዚህ ወዲያ ሰው እየቀነሰ መጣ። እኔ በልቤ «እስከዚያ መታጠፊያ» እላለሁ፤ መታጠፊያውን ስናልፍ «እስከዚያ ዛፍ» እላለሁ። እሷ ትቀድምና ቆማ ትጠብቀኛለች። ደግማ ትቀድማለች፣ ደግማ ትጠብቃለች። አንድ ዳገት ሥር ስደርስ ወርዳ ሳይክሏን ይዛ ቆማ አገኘኋት። ዳገቱ ለባለ ሦስት ጎማ አይሆንም፤ ይህ ለሁለታችንም ግልጽ ነው።

«የምትለጥፊው ላስቲክ ቀርቶሻል?» አልኳት።

«አራት አለኝ።»

«ውሃስ?»

«ሁለት ጠርሙስ።»

«ልጆቹ ዘንድ ስትደርሺ…»

«ቴክስት አደርጋለሁ። በፊደል።»

ሌላ የምጠይቀው ፈለግኩ። ጎማዋን አየሁ፤ ራሷ የለጠፈችው ነው፤ ይዟል። እሷ ጓንቷን አወለቀች። ወደ እኔ መጥታ የመሪዬን ጫፍ ያዘች።

«ማሚ» አለች። «ይበቃል። ተመለሺ።»

«እስከ ዳገቱ ጫፍ ልምጣ» ልላት አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም፤ አላለቀሰችም፤ መሪዬን አልለቀቀችም። ስለዚህ ያልኩት ሌላ ነው። ሁለት እጄን ራሷ ላይ ጫንኩ። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። እግርሽን እንቅፋት አይንካው። የሚያነሳሽ አትጪ። እመቤቴ ከፊትሽ ትቅደም» ብዬ እንትፍ እንትፍ አልኩባት። የራስ ቁሯን አድርጋ ስለነበር ምርቃቱ ላዩ ላይ ቀረ። እሷም አውልቃው «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት።

ከዚያ ሄደች። ዳገቱን ቆማ ነው የወጣችው፤ ቀጭን ወገቧን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች። እስክትጠፋብኝ ላያት አሰብኩ። ግን መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከኋላዬ ሳይክል ነጂዎች መጥተው ቆመው ይጠብቁኛል። ባለ ሦስት ጎማ በአንድ ጊዜ አይዞርም። ወርጄ የኋላውን እያነሳሁ፣ እየጎተትኩ፣ ሣሩ ላይ እያስወጣሁ አዞርኩት። ሰዎቹ አገዙኝ። ቀና ስል ዳገቱ ላይ ማንም የለም።

ብቻዬን ተመለስኩ። በዚያ መንገድ ብቻዬን ስነዳ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሽ ተሾመ የፒካፑን ኋላ ከፍተው፣ ሁለቱን ገመድ ጎን ለጎን ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ከሩቅ ሲያዩኝ ተነሱ፤ ከኋላዬም ተመለከቱ።

«ልጅቷስ?»

«ሸኘኋት» አልኩ።

አንዱን ገመድ ጠቀለሉና መቀመጫው ላይ ወረወሩት፤ በሌላው ባለ ሦስት ጎማውን ማሰር ጀመሩ።